የእናት ወገን፣ የአባት ዙፋን

ንግሥት ጽዮን ሞገሳ የሞቱት በግርፋት ነው። ያስገረፏቸው ባለቤታቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ክሱም ንጉሡ በሕይወት ሳሉ ልጃቸውን በዙፋን ላይ ለማስቀመጥ አሲረዋል የሚል ነበር። አስከሬናቸው ደብረ ብርሃን አጠገብ በነበረች በአንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን በስውር ተቀበረ። ልጃቸው በእደ ማርያም ግን መርዶውን ከሰው ሰማና ለቤተ ክርስቲያኗ ዕጣንና ጧፍ ላከ። አባትየው ይህን ሲያውቁ ልጁን አስጠርተው የእናቱን ሞት ከማን እንደሰማ ጠየቁት፤ ከአገልጋዩም ጋር አሠሩት። የደብረ ሊባኖስና የሌሎች ገዳማት መነኮሳት በመካከል ገብተው ባያስታርቁ ኖሮ፣ በእደ ማርያም ለንግሥና ቀርቶ ለጉልምስናም ላይበቃ ይችል ነበር።

ይህን ጠላት ያወራው ነው ብለን እንዳናልፈው ምንጩ የራሱ የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ነው። ታሪኩን ባነበብኩት ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። አንዲት የንጉሥ ሚስት ልጇ እንዲነግሥ መመኘቷ እንዲህ ያለ ቅጣት የሚያስከትለው በምን ዓይነት ሥርዓት ውስጥ ነው? መልሱን ለማግኘት ከይኩኖ አምላክ መንገሥ ከ1270 አንሥቶ እስከ ልብነ ድንግል ሞት እስከ 1540 ያለውን ዘመን መቃኘት ያስፈልጋል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና ከውርስ ሕጉ እንጀምር። ሰሎሞናዊ ነን ያሉት ነገሥታት ዙፋን የሚወረሰው በአባት ደም ነበር። ክብረ ነገሥት ራሱ ታሪኩን በአንዲት ንግሥት ጀምሮ፣ ከእርሷ በኋላ ግን ሴት እንዳትነግሥ በሯን ይዘጋል። የቀዳማዊ ምኒልክ መብት የሚመነጨው ከሰሎሞን ነው፤ እናቱ ማክዳ ዙፋኑን ታስረክባለች እንጂ ለሌላ ሴት አታወርስም። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ግን ልቅ ነበር። የበኩር ልጅ ይንገሥ የሚል የጠነከረ ሕግ አልነበረም። የእቴጌዪቱ ልጅ ከዕቁባቲቱ ልጅ ይቅደም የሚልም አልነበረም። የንጉሥ ልጅ፣ የንጉሥ ወንድም፣ የንጉሥ አጎት፣ የሟች ንጉሥ የልጅ ልጅ፣ ሁሉም «እስራኤል» ተብለው ይጠሩ ነበር፤ ሁሉም ለዙፋኑ እኩል የታጩ ነበሩ። ንጉሡ በርካታ ሚስቶች ካሉት ደግሞ የታጮቹ ቁጥር በየትውልዱ ይበዛል።

ከሌላው ዓለም ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። በእደ ማርያም በነገሡበት ዘመን፣ በ1474፣ የካስቲያው ንጉሥ ኤንሪኬ አራተኛ ሞተ። የተወው አንዲት ሴት ልጅ ነበር፤ ሁዋና ትባላለች። ተቀናቃኞቿ ግን አባቷ ንጉሡ ሳይሆን ቤልትራን ዴ ላ ኩዌቫ የሚባል የቤተ መንግሥት ባለሟል ነው ብለው አስወሩ፤ በስሙም ቅጽል አወጡላት። የንጉሡ እኅት ኢዛቤላ በበኩሏ በ1469 ወንድሟ ሳይፈቅድ ከአራጎኑ ፈርዲናንድ ጋር ተጋብታ ነበር። ሁለቱ የሥጋ ዘመድ ስለነበሩ የሮማ ጳጳስ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር፤ በሠርጉ ዕለት የቀረበው የፈቃድ ደብዳቤ ግን የተጭበረበረ ነበር። ጦርነቱ እስከ 1479 ዘልቆ ኢዛቤላ አሸነፈች። እዚያ የሙግቱ ጭብጥ ልጅቱ የማን ናት፣ ጋብቻውስ ሕጋዊ ነው ወይ የሚል ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሙግት በዜና መዋዕሎቹ ውስጥ ጎልቶ አይገኝም። የአባትነት ጥያቄ ብዙም አይነሣም፤ የእናትየዋ ጋብቻ በቁርባን ይሁን በሌላ ማንም አይመረምርም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ከእስራኤሉ መካከል ማን ከአምባው ይወርዳል? ማንስ ያወርደዋል?

አምባው ግሼን ነው። ዛሬ ምእመናን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሼን ማርያም ሲወጡ የሚያዩት፣ አምባሰል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ተራራ። መነሻውን ትውፊት የሚያያይዘው ከ1294 እስከ 1299 ከነበሩት አምስት ዓመታት ጋር ነው። ዐፄ ያግብአ ጽዮን ሲሞቱ በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ነገሥታት ተከታትለው ነገሡ። ትውፊቱ እንደሚለው አባትየው አንዱን ልጅ ከሌላው ማስበለጥ ስላልሆነላቸው በየዓመቱ እየተፈራረቁ እንዲነግሡ ወስነው ነበር። ተራው የደረሰውም ያልደረሰውም እርስ በርስ ሲጠባበቅ፣ ከመካከላቸው ጂን አሰግድ ወንድሞቹን ሁሉ በአምባ ላይ ማኖርን መላ አድርጎ አመጣው ይባላል። የትውፊቱ ዝርዝር እንዳለ ሆኖ፣ አምስት ዓመት አምስት ንጉሥ ማየቱ ብቻውን ለዚህ መፍትሔ በቂ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሥ በተሾመ ጊዜ ወንድሞቹ ወደ ግሼን ይወጣሉ፤ ንጉሥ ሲሞት የቤተ መንግሥቱ ታላላቆች ከአምባው አንዱን መርጠው ያወርዳሉ።

ይህ መላ ዘውዱን ከእርስ በርስ ጦርነት ብዙ ጊዜ አድኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ፍጹም አልነበረም። ቀዳማዊ ዳዊት ከሞቱ በኋላ እስከ 1434 ባሉት ሃያ ያህል ዓመታት የነገሥታቱ ዝርዝር ሰባት ስም ይቆጥራል፦ ቴዎድሮስ፣ ይስሐቅ፣ እንድርያስ፣ ተክለ ማርያም፣ ሠርወ ኢየሱስ፣ ዓምደ ኢየሱስ፣ በመጨረሻም ዘርዐ ያዕቆብ። ወንድም ወንድሙን ይተካል፤ ከዚያ የወንድም ልጆች ይመጣሉ፤ ከዚያ እንደገና ወደ አጎት ይመለሳል። የዘርዐ ያዕቆብ እናት እግዚእ ክብራ ከዳዊት ሚስቶች አንዷ ነበሩ። ልጃቸው ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት ሲጠጋ ከግሼን ወርዶ ዘውድ ጫነ። ዘርዐ ያዕቆብን በሕይወታቸው ሁሉ ሲያሳድዳቸው የኖረውን ጥርጣሬ፣ በሚስታቸውና በልጆቻቸው ላይ ያወረዱትን መዓት፣ ከዚህ አስተዳደግ ለይቼ ማየት አይሆንልኝም። አምባ ላይ ያደገ ሰው ዘመድ ማለት ባላንጣ መሆኑን ከልጅነቱ ተምሮ ነው የሚወርደው።

ታዲያ ነገሥታቱ ይህን ሁሉ መከራ እያወቁ ስለምን ብዙ ሚስት ያገቡ ነበር? ፍትወት ብቻ ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ገድሎቹም ይህንኑ ይላሉ። እውነቱ ግን በካርታው ላይ ነው። መንግሥቱ በደቡብና በምሥራቅ ከሐድያ፣ ከይፋት፣ ከደዋሮ፣ ከባሌ ጋር ይዋሰናል፤ ንጉሡ በድንኳን ከተማ ከቦታ ቦታ የሚዞር እንጂ በአንድ ዋና ከተማ የተቀመጠ አይደለም። ገባር አገር በግብር ይታሠራል፤ ከግብሩ ይልቅ የሚያጠብቀው ግን የገዥው ልጅ በንጉሡ ድንኳን ውስጥ መኖሯ ነው። ሚስቶቹ እንደ ሹማምንቱ የቀኝና የግራ ማዕረግ ነበራቸው፤ አንዷ ቀኝ በዓልቲሐት፣ ሌላዋ ግራ በዓልቲሐት ትባላለች። ማዕረጉ እንደ ሠራዊቱ አሰላለፍ በቀኝና በግራ መከፈሉ ጋብቻው የመንግሥት አስተዳደር ክፍል እንደነበረ ያሳየናል።

ዐፄ ይስሐቅ ይህንኑ ዘዴ ከባሕር ማዶ ሊሞክሩት አስበው ነበር። በ1427 መልእክተኞቻቸው ቫሌንሲያ ደርሰው ከአራጎን ንጉሥ ከአልፎንሶ አምስተኛ ጋር ስለ ድርብ ጋብቻ ተነጋገሩ፦ ይስሐቅ ልዕልት ሁዋናን ሊያገቡ፣ የአልፎንሶ ወንድም ፔድሮ ደግሞ የይስሐቅን ልጅ ሊያገባ። አልፎንሶ 13 ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ ሁሉም በመንገድ ጠፉ። ሠርጉም ሳይሆን ቀረ። ቢሆን ኖሮ ከአራጎን ልዕልት የሚወለደው ልጅ ዕጣው ምን ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። አባቱ በሞተ ማግሥት ከሌሎቹ ወንድሞቹ ጋር ወደ ግሼን መውጣቱ አይቀርም ነበር።

በዚህ ሥርዓት ላይ የመጀመሪያውን ጠንካራ ተቃውሞ ያነሡት መነኮሳት ናቸው። አባ በጸሎተ ሚካኤል ዐፄ ዓምደ ጽዮንን የአባትህን ሚስት አግብተሃል ብለው ፊት ለፊት ገሠጹ፤ ዋጋውንም በግዞት ከፈሉ። አባ አኖሬዎስ ተገረፉ። ደማቸው እሳት ሆኖ የንጉሡን ሰፈር አቃጠለ የሚለው ትውፊት ከዚህ የመነጨ ነው። ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብ የደብረ አስቦውን አባ ፊልጶስን ይዘው ትግሉን ቀጠሉ። ዐፄ ሰይፈ አርዐድ በነገሡ ጊዜ በአንዲት ሚስት እንደሚጸኑ ቃል ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ቃላቸውን አጠፉ። ጳጳሱ ወደ ግብጽ ተመለሱ፣ ፊልጶስም በስደት ሞቱ።

ይህን ፍጥጫ ስለ ሥነ ምግባር ብቻ የተደረገ አድርገው የሚያቀርቡ ጸሐፊዎች አሉ። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በጻፉት ሥራ ያሳዩን ግን ከዚያ የሰፋ ነው። ገዳማቱ የመንግሥቱ አጋር ሆነው ሳለ የመንግሥቱ መሣሪያ ላለመሆን ይታገሉ ነበር፤ ጋብቻው ያን ትግል የሚያነሡበት ሕጋዊ መድረክ ሆነላቸው። እኔ በዚህ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። መነኮሳቱ አንድ ሚስት ብለው ሲጮኹ ሳያስቡት የዙፋኑን ችግር ሥር ነክተዋል። ሚስት ካልበዛ ተፎካካሪ ልጅ አይበዛም፤ ተፎካካሪ ካልበዛ ግሼን አያስፈልግም። ነገሥታቱ ግን ከዚያ ይልቅ የጠረፉን ጸጥታ መረጡ፤ ዕዳውን የከፈሉት አምባ ላይ ያረጁት ልጆቻቸው ናቸው።

የጠረፉም ጸጥታ ቢሆን ሁልጊዜ አልተገኘም። ዘርዐ ያዕቆብ የሐድያውን ገዥ የገራድ መሐመድን ልጅ እሌኒን አግብተው የቀኝ ንግሥት አደረጓቸው። የመሐመድ ልጅ ማሂኮ ግን ገራድ በሆነ ጊዜ ግብሩን ከልክሎ አመፀ፤ ተሸነፈ፣ ተገደለም። ጋብቻው እዚህ ጦርነትን አላስቀረም።

ንጉሡ የራሳቸውንም ሴቶች ልጆች በዚሁ መንገድ ተጠቅመውባቸዋል። ለታላላቅ ሹማምንት ዳሯቸው፤ እነርሱንም በየአውራጃው ሾሟቸው። በዜና መዋዕሉ ውስጥ ትግራይ፣ አንጎት፣ ይፋት፣ ሸዋ፣ ዳሞት፣ ቤጌምድር በንጉሡ እኅቶችና ሴት ልጆች እጅ ገብተው እናገኛለን። በወንድ ልጅ ከማመን በሴት ልጅ ማመን ይቀል ነበር፤ ሴት አትነግሥምና። ይህም አላዳናቸውም። ከወንዶቹም ከሴቶቹም ልጆቻቸው በጣዖት አምልኮ የተከሰሱት በአባታቸው ትእዛዝ ተገረፉ፤ ከመካከላቸው የሞቱ አሉ። ዜና መዋዕሉን ለሚያነብ ሰው ይህ ክፍል ከባድ ነው። ስሞቹ ሲነበቡ፦ ገላውዴዎስ፣ ዓምደ ማርያም፣ ዘርዐ አብርሃም፣ በትረ ጽዮን፤ ከሴቶቹም ደል ሰምራ፣ ሮም ገነየላ፣ ዓደል መንገሣ። ከሳሾቹ ደግሞ ዙፋኑን ከበው የነበሩ ባለሟሎች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ተርፈው በ1468 የነገሡት በእደ ማርያም እናታቸውን አልረሱም። እናት የሌለው ንጉሥ ግን የእናትነቱን ማዕረግ ለሌላ ሰው መስጠት ነበረበት። ለእንጀራ እናታቸው ለእሌኒ ሰጡት። ጸሐፊው ስለ እሌኒ ሲያወራ ብዕሩ ይለሰልሳል፤ እምነታቸውን፣ ሕግ ማወቃቸውን፣ የቤተ መንግሥቱን ማዕድ አያያዛቸውን ያወድሳል።

እሌኒ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የዚህ ዳሰሳ እምብርት እርሳቸው ናቸው። ከሙስሊም ገዥ ቤት የተወለዱ፣ በጋብቻ ክርስትና የተነሡ፣ የራሳቸው ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። በተራው አስተሳሰብ ልጅ የሌላት የንጉሥ መበለት ከቤተ መንግሥት ወጥታ ገዳም ትገባለች። እርሳቸው ግን ከዘርዐ ያዕቆብ እስከ ልብነ ድንግል ስድስት ነገሥታት ሲፈራረቁ ከዙፋኑ አጠገብ ቆዩ። የታመኑት ልጅ ስላልነበራቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ጽዮን ሞገሳን የገደላቸው ልጃቸው ነው ማለት ይቻላል፤ እናት በመሆናቸው ተጠረጠሩ። በእሌኒ ላይ ግን ማንም ልጇን ልታነግሥ ነው ብሎ ጣቱን መቀሰር አይችልም ነበር። የሚመርጡት ንጉሥ የሌላ ሴት ልጅ ስለሆነ ፍርዳቸው እንደ ዳኛ ፍርድ ተቆጠረ። ንግሥት ሆነው ከገቡበት ቤት የነገሥታት መራጭ ሆነው ኖሩ።

እንዲህ ያለ ሰው ሲጎድል ምን እንደሚከተል የ1494ቱ ዓመት ያሳያል። በእደ ማርያም በ1478 ሲሞቱ ልጃቸው እስክንድር ገና ሕፃን ነበር። በስሙ የሚገዙት እናቱ ሮምና፣ አንድ አበምኔትና ቢትወደድ ዓምደ ሚካኤል ሆኑ፤ የእሌኒ ድምፅ በዚህ ጊዜ ቀዝቅዞ ነበር። እስክንድር በ1494 በወጣትነታቸው ሲሞቱ የተዉት ትንሽ ልጅ ነበር። አንዱ ወገን በተክለ ክርስቶስ መሪነት ሕፃኑን ዳግማዊ ዓምደ ጽዮንን አነገሠ፤ ሌላው ወገን በዘሥሉስ መሪነት የእስክንድርን ወንድም ናዖድን ከግሼን ለማውረድ ተነሣ። ሕፃኑ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተ፤ ናዖድ ነገሡ። የደማ ጠብ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ሕጋዊ ሰው ይዘው ነበር፤ አንዱ የንጉሥ ልጅ፣ አንዱ የንጉሥ ወንድም። ከሁለቱ ማን እንደሚቀድም የሚናገር ሕግ ግን አልነበረም።

በ1508 ናዖድ ሲሞቱ ተመሳሳይ እልቂት ሊደርስ ይችል ነበር። በዚህ ጊዜ እሌኒ በቦታቸው ነበሩ። ከጳጳሱ ከአቡነ ማርቆስና ከናዖድ መበለት ከናዖድ ሞገሳ ጋር መክረው፣ ታላላቅ ወንድሞቹን ትተው የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመቱን ልብነ ድንግልን አነገሡ። ጦርነት አልተነሣም። ልጁ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን የመሩትም፣ መልእክተኛውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላኩትም እርሳቸው ናቸው። ለፖርቱጋሉ ንጉሥ በላኩት ደብዳቤ ውስጥ የልጆች ጋብቻ ቢደረግ ደስ እንደሚላቸው ገልጸዋል። በእርጅናቸውም ወራት እንኳ በጋብቻ ወዳጅነት እንደሚታሠር ያመኑት ራሳቸው የዚያ እምነት ፍሬ ስለነበሩ ይመስለኛል።

ለዚህ ዘመን ዋና ምስክራችን ከ1520 እስከ 1526 ኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። እርሱ የመዘገበልን አንድ ታሪክ የነገሥታቱ የጋብቻ ልማድ በምን አጋጣሚ እንደተቀየረ ያወሳል። ልብነ ድንግል እንደ ቀደሙት የሐድያውን ንጉሥ ልጅ ሊያገቡ አስመጧት፤ ባዩዋት ጊዜ ግን የፊት ጥርሶቿ ረጃጅም ሆነው አልወደዷትም። ክርስትና ተነሥታ ስለነበር ወደ አባቷ መመለስ አልተቻለም፤ ለአንድ ትልቅ መኮንን ተዳረች። ከዚያ በኋላ ንጉሡ የሙስሊም ገዥዎችን ልጅ ላያገቡ ወሰኑ፤ አንዲት ሚስት ብቻ ያዙ፤ እርሷም ሰብለ ወንጌል ናት። አልቫሬዝ ጥርሱን ምክንያት አድርጎ ቢያቀርብም፣ በእኔ ግምት ከጀርባው የመነኮሳቱ የሁለት መቶ ዓመት ተግሣጽ አለ። የልጅቱ ስም ግን አልተጻፈም። ከአባቷ ቤት ወጥታ፣ ሃይማኖቷን ለውጣ፣ ለማታውቀው ሰው የተሰጠችዋ ልጅ በታሪካችን ውስጥ በጥርሷ ብቻ ትታወሳለች። ይህ ያሳዝነኛል።

ያው አልቫሬዝ የግሼንን ልዑላንም ጉዳይ አይቷል። አንድ ጊዜ ከአምባው የወጣ የልዑላን ደብዳቤ ለንጉሡ ያመጣ መነኩሴ በብዙ ጠባቂ ተከቦ ሲነዳ፣ ጠባቂዎቹም እንዴት አሳለፋችሁት ተብለው በየሁለት ቀኑ ሲገረፉ ተመልክቷል። ናዖድ ልጃቸው ያደግሁት ወደ ግሼን ለመሄድ ነው ወይ ብሎ ሲያለቅስ ሰምተው ልማዱን ሻሩ የሚል ኋላ የተነገረ ትረካ አለ። ትረካው ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ከዓይን ምስክሩ ጋር አይስማማም። በልብነ ድንግል ዘመን አምባው ሙሉ ነበር።

ስለዚህ ዘመን የተጻፈው አብዛኛው ጥናት ወንዶቹን ይከተላል፤ ዘመቻውን፣ ግብሩን፣ የገዳማቱን ክርክር። ጋብቻው በግርጌ ማስታወሻ ያልፋል። ምንጮቹ ራሳቸው ግን እንዲህ አያደርጉም። ዜና መዋዕሎቹ ስለ በዓልቲሐቶቹ ሹመት ስለ ጦር አዛዦች ሹመት በሚያወሩበት ቦታ ነው የሚያወሩት፤ ገድሎቹ ስለ ነገሥታቱ ሚስቶች ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ። የእግዚእ ክብራን፣ የጽዮን ሞገሳን፣ የሮምናን፣ የናዖድ ሞገሳን፣ የእሌኒን ስም በተከታታይ አስቀምጦ ለሚያነብ ሰው የ15ኛው ክፍለ ዘመን የዙፋን ታሪክ መልኩን ይለውጣል። አባቶቹ መብቱን ሰጡ፤ ከመብቱ ባለቤቶች መካከል ማን እንደሚነግሥ የተወሰነው ግን ብዙውን ጊዜ በእናቶች ድንኳን ውስጥ ነው። የግዕዙን ዜና መዋዕል ማንበብ የምትችሉ ወጣት ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ሄዳችሁ እንድታነቡት እለምናችኋለሁ።

እሌኒ በ1520ዎቹ መጀመሪያ ዐረፉ፤ አልቫሬዝ ሐዘኑን አይቷል። የግሼን አምባ በ1540 በኢማም አሕመድ ሠራዊት እጅ ወደቀ፤ በላዩ የነበሩት እስራኤልና ጠባቂዎቻቸው ተገደሉ። አልቫሬዝ ስለዚያ አምባ የጻፈበት መጽሐፍ በሊዝበን የታተመው በዚያው ዓመት ነው።